ወይዘሮ እንኳየሁ የፈረሙበት ቃል

የባሌ ታላቅ እኅት ወይዘሮ እንኳየሁ ውሸት አይችሉበትም ነበር። አንድ ጊዜ የደብሩ ገበዝ ለበዓለ ንግሥ የሚሆን ከፋይ ከአሥመራ አስመጡ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ሸጋ ነው!» እያለ ሲያደንቅላቸው፣ እሳቸው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሸት አደረጉና «አባቴ፣ ይኼ እኮ አንድ ክረምት ካለፈበት ይላላጣል» አሉ። ገበዙ ሦስት ወር ሙሉ አኮረፏቸው። በአራተኛው ወር ሌላ ከፋይ ይዘው የመጡት ግን እሳቸው ዘንድ ነበር።

ሥራቸው ጥልፍ ነው። ለታቦት ድባብ፣ ለካህናት ካባ፣ ለመቅደስ መጋረጃ ይጠልፋሉ። ያስተማሯቸው አባታቸው መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ ከመርፌው ጋር ፊደልም አስቆጥረዋቸዋል። በሰፈራችን በእሳቸው ዕድሜ ካሉት ሴቶች ዳዊት የምታነብና ስሟን የምትጽፍ ሌላ አልነበረችም። ዕድር ላይ፣ ሰበካ ላይ፣ «ጣትዎን ያሳርፉ» የተባሉ እንደሆነ ቀና ብለው «ብዕሩን አምጣው» ይላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሐረግ እያዞሩ ይጽፋሉ። ሌላ የሚኮሩበት ነገር አላየሁባቸውም።

አባትና እናታቸው በጣሊያን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ ፋንታሁን፣ የኔ ባል፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እሳቸው ሃያ ዓመታቸው ነው። በኋላ አንድ ደብተራ አግብተው ሳይወልዱለት ሞተባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ባል የሚባል ነገር አላነሡም። ፋንታሁንን ግን አሳደጉት። ዜማ ቢያስተምሩት አልሆነለትም፤ ልቡ ከብረት ጋር ነበር። እዚሁ ከተማችን ፒያሳ፣ አገሩ ሳይገባ ከቀረ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብቶ ሜካኒክ ሆነ። እኔ አባይነሽ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አግብቶኝ ስመጣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ኖርን። እሱ «እታለም» ስለሚላቸው እኔም እታለም አልኳቸው።

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አላምረው የሚባል ሹፌር ጎረቤታችን፣ የጭነት ማኪናው አዲ አርቃይ ላይ ተበላሽቶበት እሑድ ዕለት ፋንታሁንን በወዳጅነት ይዞት ሄደ። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ገደማ ፋንታሁን ብቻውን ወደ ግቢ ገባ። ሰላምም አላለን። ማድጋው ዘንድ ሄዶ እጁን ታጠበ። ታጥቦ ሲያበቃ እንደገና ታጠበ። እጁ ላይ ቅባት አልነበረም።

«ምነው?» አሉት እታለም።

«ሰው ገጨሁ» አለ።

ከሊማሊሞ ዳገት ላይ ጀምሮ አላምረውን ወባ ሲያንቀጠቅጠው፣ ደባርቅ ሲደርሱ መሪ መያዝ አቅቶታል። «አንተ ያዝልኝ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ጎኑ ተኛ። ፋንታሁን መንዳቱን ያውቃል፤ መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። ዳባትን አለፍ እንዳሉ ከገበያ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ አህያው ደንብራበት ወደ መንገዱ ስትገባ፣ እሷን ሊመልስ ዘሎ ማኪናው ፊት ገባ። ፋንታሁን ፍሬኑን ረገጠ፤ አልደረሰለትም።

«ወርደህ አየኸው?» አሉ እታለም።

«አልወረድኩም።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም እታለም። አላውቅም። ሰው ሲሮጥ በመስተዋቱ አየሁና ነዳሁት። አያ አላምረው አልነቃም። ወለቃ ስንደርስ ቀሰቀስኩትና ቦታ ተለዋወጥን፤ ከተማ ይዞ የገባው እሱ ነው። ምንም አልነገርኩትም።»

እታለም መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ከዚያ «ግባና ተኛ» አሉት። ወደኔ ዘወር ብለው «አንቺም አልሰማሽም» አሉኝ። እኔም አልሰማሁም አልኩ። ሆዴን ይዤ፣ የአባቴን አገር ሰው ገጭቶ የመጣ ባሌን እያየሁ፣ አልሰማሁም አልኩ።

በማግሥቱ ጧት የመቶ አለቃ ዳኛው የሚባሉት የፖሊስ ሹም ከአንድ ጸሐፊ ፖሊስ ጋር መጡ። የመቶ አለቃው ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሚስታቸውን የክት ቀሚስ የጠለፉት እታለም ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«ወይዘሮ እንኳየሁ፣ ትናንት ዳባት አጠገብ አንድ ገበሬ ተገጭቷል። በነፍስ አለ፤ ጭኑ ግን ተሰብሯል። ማኪናው የአላምረው መሆኑ ታውቋል። ከተማ ሲገባም መሪውን ይዞ የታየው እሱ ነው። እሱ ግን ‹አሞኝ ተኝቼ ነበር፣ የነዳው ፋንታሁን ነው› ይላል። ወንድምዎ ትናንት የት ነበር?»

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። እታለም የመቶ አለቃውን አላዩአቸውም፤ ጨርቃቸውን ነው ያዩት።

«ፋንታሁንማ ከእሑድ ጀምሮ ከአልጋው አልተነሣም» አሉ። «ወባ ይዞት። ሌሊቱን ሲቃዥ፣ ቀን ሲንቀጠቀጥ ነው የሰነበተ። ጨርቅ እየነከርኩ ግንባሩ ላይ የማደርግለት እኔ ነኝ። ትናንትማ ጭራሽ ጥርሱ ሲንገጫገጭ…»

ውሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ያበዛዋል። የአላምረውን ሕመም አንድ በአንድ ከሱ ላይ ገፈው ለወንድማቸው አለበሱት። የመቶ አለቃው ጓዳውን ገለጥ አድርገው አዩ። ፋንታሁን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በፍርሃት ላብ ተነክሮ ተኝቷል። ማን ቢያየው ወባ ነው ይላል። ጋራዡም ቢሆን ከእሑድ ጀምሮ እንዳልገባ ተናግሮ ነበር።

ጸሐፊው የሰጡትን ቃል ጻፈና «እማማ፣ ጣትዎን» ሲል፣ እታለም ከልማዳቸው የተነሣ «ብዕሩን አምጣው» አሉ። ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ እንደ ወትሮው ፈረሙ።

የመቶ አለቃው ሲወጡ እጅ ነሡና «ከሌላ ሰው ቢሆን ምስክር እጨምር ነበር» አሉ። «ከእርስዎ ቃል ወዲያ ግን አልሄድም።»

አላምረው ታሰረ። ከዚያን ቀን በኋላ እታለም ሥራው አልያዝላቸው አለ። የጠለፉትን ይፈታሉ፤ የፈቱትን መልሰው ይጠልፋሉ። ለአንድ ካባ የጀመሩት መስቀል አራት ጊዜ ፈርሷል። ፋንታሁን ከግቢ አይወጣም፤ እህል አይቀምስም። እኔ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ልጄ አባቱ ደጅ ላይ ቆሞ እንዲወለድ ብቻ ነበር የምለምን።

በሰባተኛው ቀን የአላምረው ሚስት የዓለምወርቅ መጣች። ልትጣላ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ደጁ ላይ ቆመች፤ ግቢ ስትባል አልገባም አለች።

«እታለም፣ ባሌ እስር ቤትም ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች። «ኪኒን ወስጄለት ዘበኞቹ ‹የታመመስ ፋንታሁን ነው እንጂ አንተ አይደለህም፤ ወይዘሮ እንኳየሁ መስክረዋል› ብለው ስቀውበት ኪኒኑን መለሱት። ገጭቶ መሸሹ ሳያንስ ጥፋቱን በበሽተኛ ላይ አላከከ ተባለ። የፊታችን ሳምንት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

እታለም የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ።

«እኔ አልነበርኩም፤ ማን እንደነዳ አላየሁም» አለች የዓለምወርቅ። «አላምረው ሲዋሸኝ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር አንድም ቀን ሲዋሸኝ አልያዝኩትም፤ ግን ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ እንደማይዋሹ ከተማው ያውቃል። ስለዚህ መጣሁ። በአፍዎ ይንገሩኝና ልቤ ይረፍ። ባሌ ውሸታም ነው?»

እታለም አፋቸውን ከፈቱ። ቃል አልወጣም። የዓለምወርቅ ትንሽ ጠበቀች፤ ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። የሚገባት ገብቷት ነበር።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔና እታለም አያ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄድን። የእታለም ሟች ባል የቅኔ ጓደኛ ነበሩ፤ በኋላ ቅኔውን ትተው ነገረ ፈጅ ሆኑ። እታለም ምንም ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። አያ ሐብተ ማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እንኳየሁ፣ አንቺ?» አሉ። «እኔ በየቀኑ ውሸታም አያለሁ። አንቺን ግን…»

«ወቀሳውን በኋላ ያደርሱብኛል። አሁን ሕጉን ይንገሩኝ።»

«ሕጉማ እንዲህ ነው። ለፖሊስ ሐሰት ቃል ሰጥተሽ ጥፋተኛ መሸሸግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ወንድምሽ ባደረገው አይደለም የምትጠየቂ፤ አንቺ ባደረግሽው ነው። ወንድምሽ መሆኑን ዳኛ ያይልሻል፤ እኅት ለወንድሟ እንደምትሳሳ ሕጉም አይዘነጋም። ግን ማየት ማለት መተው ማለት አይደለም፤ መታሰር አለ። ይኼ የመጀመሪያው ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ይከፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ለምስክርነት ትጠሪያለሽ። እዚያ ወንጌል ጨብጠሽ ያንኑ ቃል ከደገምሽው በሐሰት መመስከር ይባላል። ባንቺ ቃል ንጹሕ ሰው ቢፈረድበት ደግሞ ቅጣቱ የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ዛሬ ከተመለስሽ ግን ማንም ሳይዝሽ በገዛ እግርሽ ተመለስሽ ይባላል። ያ ትልቅ ነገር ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፋንታሁንን ግን አሳልፈሽ መስጠትሽ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ እታለም።

በማግሥቱ ማለዳ አንድ እንጀራ ቋጥረው በጭነት ማኪና ተሳፍረው ዳባት ሄዱ። ለማን እንደሚሄዱ አልነገሩንም። ማታ ሲመለሱ አቧራ ለብሰው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

የተገጩት ሽማግሌ አያ ወልደ ዮሐንስ ይባላሉ። ወጌሻ ጭናቸውን በሽመል አስሮ አጋድሟቸው አገኟቸው። እታለም ማን እንደሆኑ ነግረዋቸዋል። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«ምን አሉኝ መሰለሽ?» አሉ እታለም ፋንታሁንን ሳይሆን እኔን እያዩ። «‹አህያዬ ናት ያጠፋች፤ እኔም ዘልዬ የገባሁ። ልጁን ለመግጨቱ አልቀየምኩትም። ወርዶ ግን ቀና ቢያደርገኝ። ከመንገዱ ዳር ቢያስጠጋኝ። ሁለተኛ ማኪና እስቲመጣብኝ አፈር ላይ ጥሎኝ ሄደ› አሉኝ።»

ፋንታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ነገ የመቶ አለቃው ዘንድ እሄዳለሁ» አሉት እታለም። «ና አልልህም። ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፤ እጅህን ይዤ ለፖሊስ ማስረከብ አልችልም። የኔን ቃል ግን እመልሳለሁ።»

ያን ጊዜ እኔ ጮህኩ። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። «ልጄንስ? ልጄ አባቱ እስር ቤት ሆኖ ይወለድ? የአላምረው ቤት ከኔ ቤት በለጠብዎት?» አልኳቸው። እታለም ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሆዴ ላይ እጃቸውን አደረጉ።

«የዓለምወርቅም ሦስት አላት» አሉ። «አባታቸው ገጭቶ የሸሸ ሰው ነው እየተባሉ ሲያድጉ ልያቸው?»

አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ፋንታሁን ብቻ አላለቀሰም።

ጧት የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ዳዊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወጡ። ፋንታሁን እንደተቀመጠ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰማን። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ተነሣብኝ፤ እኒያ ሴት የሱን ቀንበር ተሸክመው ፒያሳን ብቻቸውን ሲያቋርጡ ታየኝ። ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩና ጭኑ ላይ ጣልኩለት።

«ተነሥ» አልኩት። «ድረስባቸው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ተነሣ። ያለ ጫማ ሊሮጥ ሲል ጫማውን ወረወርኩለት። ፖስታ ቤቱ አጠገብ ደረሰባቸው፤ እጃቸውን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልጅነቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሄዱ ያዩ ሰዎች ነገሩኝ።

የመቶ አለቃ ዳኛው ሁሉንም እስኪጨርሱ ሳያቋርጡ ሰሟቸው። እታለም በመጨረሻ «ያን ወረቀት ይቅደዱልኝ» አሉ።

«አይቀደድም፣ ወይዘሮ እንኳየሁ» አሉ የመቶ አለቃው። «መዝገብ ላይ ገብቷል። አዲሱ ቃልዎ ከላዩ ይያያዛል እንጂ አሮጌውም እዚያው ይኖራል።»

«ፊርማዬም?»

«ፊርማዎም።»

ከእስሩ ሁሉ የከበዳቸው ይህ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

የመቶ አለቃው ተቆጥተው ነበር፤ የተቆጡትም ስላመኗቸው ነው። «በእርስዎ ቃል ተማምኜ አንድ በሽተኛ ሰው ኪኒን ከልክያለሁ» አሏቸው። እታለምና ፋንታሁን እዚያው ታሰሩ። አላምረው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በዋስ ተለቀቀ፤ ቆይቶ መሪውን ፈቃድ ለሌለው ሰው በመስጠቱ መጠነኛ መቀጫ አገኘው።

ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። የፍርድ ቤቱ ዳኛ ፋንታሁን ከመግጨቱ ይልቅ ሰው ጥሎ መሸሹን አክብደው አንድ ዓመት ፈረዱበት። እታለምን «ዝምድናዎንና በራስዎ መምጣትዎን አይቼ ቅጣቱን አቅልያለሁ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት በሰው ቃል የሚሠራ ቤት ነው» አሏቸውና አንድ ወር እስራት ወሰኑባቸው፤ የታሰሩበትም ቀን ተቆጠረላቸው። እታለም እጅ ነሥተው «ይገባኛል» አሉ። አያ ሐብተ ማርያም ይግባኝ እንበል ቢሏቸው ከሩቅ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

ስንቅ ይዤላቸው ስሄድ እዚያ ያሉትን ሴቶች ስፌትና ጥልፍ ሲያስተምሩ አገኘኋቸው። ባሏን በዘነዘና ፈንክታ የገባች አንዲት የወገራ ሴት ነበረች፤ «እጇ እንዴት ቀጥ ያለ መሰለሽ! ምነው ወደ መርፌው ቀድማ በመጣች» አሉኝ እየሳቁ።

ሲወጡ ግን ደጁ ቀዝቅዞ ነበር የጠበቃቸው። ሰበካው በሐሰት የተቀጣች ሴት ንዋየ ቅድሳት አትንካ ብሎ ወስኗል። ወደ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የሰርግ ቀሚስና የትራስ ጨርቅ ሲጠልፉ ኖሩ፤ አንድም ቀን አላማረሩም። ከፋዩን ተችተውባቸው የነበሩት ገበዝ ናቸው በመጨረሻ ለሰበካው የተሟገቱላቸው። «ለኔ ፊት ለፊት እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አንድ ጊዜ ብትሳሳት ሁላችን ንጹሕ ነን ወይ?» አሉ። ድባቡ ተመለሰላቸው።

እኔ ከጥምቀት ሦስት ቀን በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ያዋለዱኝ እታለም ናቸው። ፋንታሁን ልጁን ያየ በሁለት ሳምንቷ ነው፤ ሸፋፍነን እስር ቤት በር ድረስ ወስደንለት። ዓመቱን ጨርሶ ሲወጣ ቤት አንድ ሌሊት አደረና ዳባት ሄደ። አያ ወልደ ዮሐንስ እግራቸው ገጥሞ ነበር፤ ግን ስለሚያነክሱ እርፍ መጨበጥ አይችሉም። ፋንታሁን ሙሉ የእርሻ ወቅት አረሰላቸው። ሽማግሌው ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ኧረ በሬው ሞተር አይደለም! ቀስ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዞ ነበር ይባላል፤ እህሉ ግን በቀለ።

ከአላምረው ቤት ጋር የነበረው ነገር ቶሎ አልተፈታም። አላምረው ይቅር አለ፤ ወንድ ሲገናኝ ትከሻውን ይገጥምና ያልፋል። የዓለምወርቅ ግን ውኃ ልንቀዳ ስንገናኝ ሰላምታዬን ተቀብላ እታለምን ታልፋቸው ነበር። ፋንታሁን ገና እስር ላይ ሳለ፣ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ እታለም የክርስትና እናት እንድትሆናት ማንን እንደምጠይቅ ጠየቁኝ። የአክስቴን ልጅ አልኩ። ነጠላቸውን ለበሱና ወጡ።

የዓለምወርቅ ደጅ ላይ ሲቆሙ እኔ ከግቢያችን አያቸዋለሁ። ድምፃቸው አይሰማኝም። ብዙ ቆሙ። የዓለምወርቅ በሩን ይዛ ትሰማለች፤ አንዴ ፊቷን አዞረች፤ አንዴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በመጨረሻ ከደጇ ሲመለሱ ከኋላቸው ጮክ ብላ ስትናገር ሰማኋት።

«እሺ፣ እሆናለሁ! ልጅቷ ክርስትና የምትነሣበትን ነጭ ቀሚስ ግን እርስዎ ነዎት የሚጠልፉላት። መስቀሉም ጠማማ እንዳይሆን!»

እታለም መንገዱ መኻል ቆመው ሳቁ፤ ከኅዳር ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።